መዝገብ የሌለው ምሕንድስና፦ መኪና ማሻሻል፣ መሽቀዳደምና ባለቤትነት በአርሲ ደጋ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በዚህ ዓይነት አዳራሽ አዘውትሮ የሚነሣ አይደለም። የመኪና ፍቅር ሲባል፣ መኪና ማሻሻልና መሽቀዳደም ሲባል፣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጊዜና ገንዘብ የተረፈውን ሰው ጨዋታ ነው። እኔ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። በሀገራችን፣ ይልቁንም በዚህ ደጋ፣ መኪናን ማሻሻል ከጌጥነቱ በፊት ከመልክዓ ምድር ጋር የሚደረግ ድርድር ነው። ከድርድሩ የተገኘው እውቀት ግን ስላልተጻፈ፣ መልካሙ ከባለሙያው ጋር ይቀበራል፤ አደገኛውም ሳይታረም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ልናገር። ሮቤ ስል የአርሲዋን ሮቤ ማለቴ ነው፤ ከባሌዋ ሮቤ ጋር በስም ብቻ ትገናኛለች። ሮቤም ሆነች አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ደግሞ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል።

በሮቤና በአሰላ ጋራዦች ስመላለስ ያነጋገርኋቸው አንጋፋ መካኒኮች የግፊት መለኪያ አልነበራቸውም። የካንዴላውን ቀለም አይተው፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው፣ የቤንዚን ማሳለፊያውን ያጠብባሉ፤ የእሳቱንም ሰዓት ጥቂት ያስቀድማሉ። በመማሪያ መጽሐፍ የከፍታ ማስተካከያ የሚባለው ይኸው ነው። ከአዳማ ተነሥቶ አሰላ ለመድረስ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ሾፌር ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል።

ይህ እውቀት ታሪክ አለው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልነበረበት ዘመን ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ መኪናውን አዲስ አበባ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ አደረሰ። ከዚያ ወዲህ የጋራዡን ቋንቋ የሠራው በአመዛኙ ጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ቃላቱ ከእኛ ጋር ቀሩ፤ መጽሐፋቸው ግን አልተጻፈም። የጋራዥ አማርኛችን በቃል ብቻ የኖረ የምሕንድስና መዝገበ ቃላት ነው።

በአርሲ የሞተር ፍቅር የጀመረው ከቤት መኪና ሳይሆን ከትራክተር ነው ለማለት እደፍራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከል አድርጎ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ የትራክተር እርሻም በአካባቢው ተስፋፋ። የዚህም ዋጋ ነበረው፤ ትራክተር ያገኘ ባለመሬት ጭሰኛውን ያፈናቀለበት ታሪክ በብዙ ጥናት ተመዝግቧል። ማሽን በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ በማን እጅ፣ በምን ደንብ እንደሚሠራ ግን ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ጭነት መኪናው ስንደርስ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ውድድር ልለፍ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚታወቀው ሳፋሪ ራሊ አላት። በእኛም ሀገር በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ይካሄድ ነበር። ውድድር ለቴክኒክ የሚያበረክተው ፍጥነትን ብቻ ይመስለናል። ለእኔ ትልቁ አስተዋጽኦው መዝገቡ ነው። በደንብ በሚመራ ውድድር ላይ መኪና ከመሰለፉ በፊት ይመረመራል፤ ምን እንደተቀየረ፣ በምን እንደተተካ፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ በሰነድ ይያዛል። ባሌስትራውን ያጠነከረ ሰው ስለ ፍሬኑ ይጠየቃል። ያልተመዘገበ ማሻሻያ ከውድድር ያስወጣል።

በመንገዳችን ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። በመኸር ወራት ስንዴና ገብስ ከአርሲ ወደ አዳማ የሚያወርዱትን አይሱዙዎች ተመልከቱ። ስፖንዳው ከፍ ይላል፤ ባሌስትራው ላይ ቅጠል ይጨመራል። መካኒኩ የሠራው ሥራ በራሱ ብልሃት የጎደለው አይደለም፤ መኪናው አይጎብጥም፣ ጉድጓድም ይችላል። ችግሩ ባሌስትራው ጭነቱን መደበቁ ነው። ድሮ የመኪናው መጉበጥ ለሾፌሩ ማስጠንቀቂያ ነበር። አሁን መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፍሬኑ፣ ጎማውና አክስሉ ግን እንደ ቀድሞው ናቸው። ከፍ ብሎ የተጫነው እህልም ሚዛኑን ወደ ላይ ስለሚያወጣው በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ቁጥሩን አብረን እናስላ። በጠቅላላ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 69 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ 200 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ በርሜል ሙሉ፣ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እንዲፈላ ለማድረግ ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚከፋፈሉት ፍሬኑ፣ ሞተሩና የሚቃወመው አየር ናቸው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ፣ አብዛኛው ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡትም አይዝም። ፍጥነት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲል፣ ለማቆም መጥፋት ያለበት ጉልበት በ78 በመቶ ያድጋል። ክብደት ሲጨመርበት የሚሆነውን እናንተው አስሉት። ይህን ስሌት የማያውቅ ባሌስትራ ጨማሪ፣ ረዳቱንና መንገደኛውን ለማያዩት ዕዳ እያስፈረማቸው ነው። መካኒኩን ብቻ ግን አልወቅስም፤ ስሌቱን የምናውቅ እኛ ጋራዡ ድረስ ሄደን አላስረዳነውም።

የባለቤትነትን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም፤ ማሻሻል የሚወለደው ከዚያ ነውና። በእኛ ዘንድ መኪና መግዛት የግለሰብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ለባጃጁ ዕቁብ ተጥሏል፤ ዘመድ አበድሯል፤ ሊብሬው በእጅ የገባ ቀን ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጠበል የሚያስረጭ አለ፣ ዱዓ የሚያስደርግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና የወርቅ ባለቤቶች መርሴዲስ መኪና ሲሸለሙ፣ ከተሸላሚዎቹ አንዱ በ10,000 ሜትር ያሸነፈው የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። በእግሩ የሮጠ ልጅ በመኪና ባለቤትነት መከበሩ በአርሲ ወጣት ልብ ውስጥ ምን እንዳሳደረ መገመት አያዳግትም።

መኪና እንዲህ በብዙ ሰው ድካም የሚገኝ ስለሆነ አይጣልም። የአዲስ አበባን ቮልሶች አስቡ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋን አሮጌ ቮልስ ሠርቶ ምርቱን ሲያቆም፣ በእኛ ሀገር ባትላሜራው ቆርቆሮዋን እየቀጠቀጠ፣ መካኒኩም ከሌላ መኪና ያገኘውን ዕቃ እያላመደ አኖራት። በውሃ የማይቀዘቅዝ ሞተሯ ዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር የለውም፤ ከኋላ መቀመጡም የሚነዱትን ጎማዎች ጭቃ ላይ ያጸናቸዋል። የሮቤ ጋሪ ነጂ እንኳ ፈረሱ የሚጎትተውን ጋሪ በመኪና ጎማ ላይ አቁሞታል። ይህም ማሻሻያ ነው።

ሆኖም ዘመኑ እየተለወጠ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ በሚል ታክስ አከበዳቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋችን የሚመች ነው፤ ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ የሚባለው የተራራ ውድድር ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያ ከ8 ደቂቃ በታች በመግባት ክብረ ወሰን የሰበረው የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ነው። የጭላሎ ተራራችንም ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ትምህርቱ ለእኛም ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያቃጥል የነበረውን ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በካንዴላ ቀለም ከፍታን ያነበበው መካኒክ ነገ ምን ይሁን? ከእነ እውቀቱ እንሸኘው ወይስ እውቀቱን ይዞ እንዲሻገር እናግዘው?

እኔ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች የአንድ ጋራዥን ማሻሻያዎች ከእነ ስማቸው፣ ከእነ ምክንያታቸው መዝግቡ፤ ቃሉን እንዳለ ጻፉት፣ በመማሪያ መጽሐፍ ቃል አትተኩት። ሁለተኛ፣ ባሌስትራ የተጨመረባቸውን መኪናዎች ክብደትና የፍሬን ሙቀት እንለካ፤ ውጤቱን ለሾፌሩ፣ ለመኪናው ባለቤትና በየዓመቱ ለቦሎ መኪና ለሚመረምረው ባለሙያ በሚገባ ቋንቋ እናቅርብ። ሦስተኛ፣ በአስፋልት ላይ ሕይወቱን አስይዞ የሚሽቀዳደመውን ወጣት ከመገሠጽ ባሻገር፣ ከሚመለከተው አካል ጋር መክረን በተዘጋ ዳገት ላይ፣ እያንዳንዱ ብቻውን በሰዓት የሚለካበት፣ ከመነሣቱም በፊት መኪናው የሚመረመርበት ውድድር እናዘጋጅለት። ምርመራው ከሽልማቱ ይበልጥ ያስተምረዋል።

እናንተ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ መካኒኮች፣ የጥናታችን ቁሶች እንዳልሆናችሁ አውቃችሁ በማንኛውም ጽሑፍ ላይ ስማችሁ እንዲሰፍር ጠይቁ። የሠራችሁትን የሚያርም ቢመጣ አትከፉ፤ የሚታረመው በክብር የተጻፈ ብቻ ነው።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ቅድሚያው ግን ለጋራዥ ሰዎች ነው።