ከመጽሐፉ ጋር ያልተስማማው ቁጥር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ንግግራችንን በአንድ ኑዛዜ እንጀምራለን። በቤተ ሙከራ የለካው ቁጥር መጽሐፉ ከሚለው ጋር አልስማማ ሲለው፣ ቁጥሩን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ሳብ አድርጎ ሪፖርቱን ያላስረከበ ከመካከላችን ማን ነው? ይህን የምናነሣው ለመካሰስ አይደለም። ዛሬ ስለ ዓለመ ኅዋ መስፋፋት የምንናገረው ታሪክ ከዚሁ ልማዳችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

በ1917 አልበርት አይንስታይን የስበት ቀመሩን ለመላው ዓለመ ኅዋ ቢሠራበት፣ ዓለሙ ጸንቶ ሊቆምለት አልቻለም። በዚያን ጊዜ ግን ዓለሙ አይሰፋም፣ አይጠብም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ የሚያጸናው አንድ ቋሚ ቁጥር በቀመሩ ላይ ጨመረ። እንግዲህ ታላቁ ሊቅ እንኳ ቀመሩን ከእምነቱ ጋር አስማማ ማለት ነው። በ1927 የቤልጂጉ ቄስ ዦርዥ ለሜትር ዓለሙ እንደሚሰፋ ጻፈ። በ1929ም ኤድዊን ሀብል፣ ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ስብስቦች በራቁ መጠን ፈጥነው እንደሚሸሹን የሚያሳይ ልኬት አወጣ። አይንስታይንም በ1931 ያንን ቁጥር ተወው።

ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ሆነ፤ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ በምድር ስበት ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ የጋላክሲዎች እርስ በርስ መሳሳብ መስፋፋቱን ምን ያህል አዘግይቶታል? በ1990ዎቹ ይህን ለመለካት ሁለት ቡድኖች ተነሡ። አንዱን የሚመራው ሶል ፐርልሙተር ነበር፤ ሁለተኛውን የሚመራው ብራያን ሽሚት ሲሆን አዳም ሪስም በዚሁ ቡድን ውስጥ ይሠራ ነበር። መለኪያቸው ሱፐርኖቫ የሚባል የሚፈነዳ ኮከብ ነው። የመረጡት ዓይነት ሱፐርኖቫ ድምቀቱ ስለሚታወቅ፣ ነገሩ በጨለማ መንገድ ላይ ፋኖስ እንደ ማየት ነው፤ የፋኖሱን ብርሃን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ ደብዝዞ ሲያየው ርቀቱን ይገምታል። የብርሃኑ ወደ ቀይ ማድላት ደግሞ፣ ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ ዓለሙ ምን ያህል እንደ ተለጠጠ ይነግራል።

ውጤቱ የተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። ሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች ከታሰበው ይልቅ ደብዝዘው፣ ይኸውም ርቀው ተገኙ። ሪስ ስሌቱን ቢሠራ በዓለሙ ውስጥ ያለው የቁስ መጠን ከዜሮ በታች ሆኖ ወጣለት! እኛ ብንሆን ኖሮ የመቀነስን ምልክት በላጲስ አጥፍተን እናስረክብ ነበር። እነርሱ ግን ስሌቱን ደግመው መረመሩ፤ አቧራ ብርሃኑን ጋርዶት እንደ ሆነም ፈተሹ፤ ቁጥሩ አልለወጥ አለ። በ1998 ሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ቀረቡ፤ መስፋፋቱ እየፈጠነ ነው። ሦስቱ ሰዎች በ2011 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ለዚህ ግፊት የተሰጠው ስም ጨለማ ኃይል ነው። በአሁኑ ግምት ከዓለሙ 68 በመቶ ያህሉ ጨለማ ኃይል፣ 27 በመቶ ያህሉ ጨለማ ቁስ ነው፤ ምድርም፣ ከዋክብትም፣ እኛም የተሠራንበት ቁስ 5 በመቶ ብቻ ነው። ነገር ግን ስም ማውጣት ማወቅ አይደለም። ብዙዎች አይንስታይን የተወውን ቋሚ ቁጥር መልሰው አነሡት። ይሁን እንጂ በአሪዞና፣ በኪት ፒክ ተራራ ላይ ያለው ዴሲ የተባለው መሣሪያ በ2024 እና በ2025 ያስገኘው ልኬት፣ ኃይሉ ቋሚ ሳይሆን እየደከመ የሚሄድ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ ነገሩ ገና አልተረጋገጠም።

«ሕዝባችን እንጀራ በሚፈልግበት ሰዓት ይህ ምን ይረባል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጨለማ ኃይል ማሳ አያርስም። ነገር ግን ነገ ከእኛ አንዱ የመድኃኒት መጠን፣ አንዱ የድልድይ ብረት፣ አንዱ የወረዳ እህል ይለካል። አለቃ የሚወደውን ቁጥር የመጻፍ ልማድ ከዚህ ይዘን ከወጣን፣ ድልድዩ ይወድቃል፤ ረኀቡም በወረቀት ላይ ጥጋብ ተብሎ ይገባል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ቤተ ሙከራ ስንገባ ላጲሱን እናስቀምጥ። ያልተስማማውን ቁጥር እንዳለ እንጻፍ፤ ከጎኑም «ለምን?» ብለን እንጠይቅ።