ወፎችን ስለ ማየትና ከደዌ ስለ መነሣት
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



በዚህ በዓል ስለ ቅኔ እንድናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ነገር ግን የበዓሉ አዘጋጆች በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተሰቀሉትን የወፎች ፎቶግራፎች አይተው፥ «ከሕመም ከተነሡ በኋላ ያነሷቸው ናቸውና ስለ እነርሱ ይንገሩን» ብለው አዘዙኝ። እኔም እሺ አልሁ።

ከመጽሐፍ እንጀምር። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ከተመለሱት ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ነው። የአራዊትንና የአዕዋፍን፥ የዕፅንና የዕንቍን ጠባይ እየነገረ ምሥጢር ያወጣባቸዋል። የግእዙን ንባብ ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሆመል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1877 አሳትሞታል። ግሪኮች ካራድርዮስ የሚሏት ሁለንተናዋ ነጭ የሆነች ወፍ ከዚህ መጽሐፍ ትገኛለች። ይህችን ወፍ ወደ ሕመምተኛ ያቀርቧታል፤ ደዌው ለሞት የሆነ እንደ ሆነ ፊቷን ትመልስበታለች፤ የሚድን እንደ ሆነ ግን ትክ ብላ ታየዋለች፥ ደዌውንም ወደ ራሷ ስባ ወደ ፀሐይ በርራ ትበትነዋለች። መጽሐፉም በክርስቶስ ይመስላታል።

ይህን በወጣትነቴ አንብቤ ለቅኔ የሚሆን ምሳሌ ነው ብዬ ይዤው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘኝ። ሌሊት ላብ፥ ቀን ሳል ሆነ፤ ሰውነቴም እንደ ጧፍ አለቀ። ሐኪሙ የ6 ወር መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በመጀመሪያው 2 ወር 4 ዓይነት፥ በኋለኛው 4 ወር 2 ዓይነት ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ልቁም፤ ከመካከላችን የሚጠቅመው ሰው አይታጣምና። ሕመምተኛው ጥቂት ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የተወ እንደ ሆነ፥ በሽታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሲመለስም የፊተኛው መድኃኒት የማያሸንፈው ሆኖ ሊመለስ ይችላል። እኔ ጸበሉን በየማለዳው ጠጣሁ፥ መድኃኒቱንም አንድ ቀን ስንኳ አላስታጐልሁም። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንዱ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አስተምሮናልና፥ ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ከየት እንደ ተማረ አላውቅም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰው ተለይቼ በመስኮት አጠገብ ተኛሁ። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ቆርቆሮ ነው፤ በዚያም ላይ አንገቷ ነጭ የሆነች እርግብ ትመጣ ነበር። ይህች እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ ናት፤ ገደል ወዳድ ስለ ሆነች በከተማ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ፎቅ ቤት ገደል ይሆናታል። ካራድርዮስ ትዝ አለችኝ። ወደ እኔ ታይ ወይም ፊቷን ትመልስ እንደ ሆነ በየማለዳው እጠብቅ ነበር። የእርግብ ዓይን በራሷ ግራና ቀኝ ነው፤ አንድን ነገር አጥርታ ልታይ ስትሻ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች። እንግዲህ ፊቷን የመለሰችብኝ በሚመስልበት ጊዜ ትክ ብላ ታየኝ የነበረው ያን ጊዜ ነው። ይህን ባስተዋልሁ ቀን ልጄን ካሜራዬን ከሣጥን እንዲያወጣልኝ ለመንሁት።

ከመታመሜ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ለእኔ የእግር ሥራ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮንና አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረውን ታላቁን አሞራ በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ፥ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ በገፈርሳ ውኃ ዳር ተከትዬ አንሥቻለሁ። ከደዌው በኋላ ግን ከአብነት እስከ ደብራችን በር ሁለት ጊዜ ሳላርፍ መድረስ ተሳነኝ። እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ረጅሙን ሌንስ ሲይዝ ወፏን ጉም ያደርጋታል። ስለዚህ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አኑሬ፥ ከኪዳን በኋላ በግቢያችን ካለው ጽድ ሥር ተቀመጥሁ።

በዚያ የተማርሁት ነገር ሃያ ዓመት በእግሬ ስዞር ያልገለጠልኝ ነው። ወፍ የምትሸሸው ድንገት የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ ሥፍራ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ግን እንደ ጉቶ ትቈጥረዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ቁራው ከእግሬ ሦስት ክንድ ርቆ ቆመ። ይህ የእኛ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ፥ ከቁራ ወገን ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ ሁለንተናው ጥቁር ሲሆን ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ለፎቶግራፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ለጥቁሩ ላባ ብርሃን ቢጨምሩ ነጩ እንደ ኖራ ይፈስሳል፥ ለነጩ ቢቀንሱ ጥቁሩ ከሰል ይሆናል። በማለዳ ለስላሳ ብርሃን ብቻ ሁለቱም ይታረቃሉ። ግንባሩ ቀይ የሆነው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀንም ሾላው ሲበስል ከነሚስቱ ይመጣል።

«ሊቅ ሰው ወፍ ሲያሳድድ ይውላልን?» ያሉ አልጠፉም። እኔ ተቀምጬ ነው፥ የማሳድደው የለም። ደግሞም ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድን ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች እንዳስተማሩት አባቶቻችን ሲነግሩን ማንም አላፈረም። ድምፄ ገና አልተመለሰም፤ ሌሊቱን በማኅሌት መቆምም አልቻልሁም። ወፎቹን መስማት ግን አልተከለከልሁም።

ቀድሞ ወፍን አጥርቶ ለማየት መግደል ግድ ነበር። ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926ና በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጋር አገራችንን ዞሮ፥ ከተመቱ ወፎች የዓይናቸው ቀለም ሳይጠፋ ፈጥኖ እየሣለ ድንቅ ሥራ ሠራ። ወደ አገሩ በተመለሰ በዚያው በ1927 ባቡር መኪናውን መትቶት ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ተረፉ። ሥራውን አደንቃለሁ። ሆኖም ጥይት ሳይተኰስ በሺህ ከሚከፈል የሰከንድ ክፍል ውስጥ ክንፍን በአየር ላይ ማቆም በእኛ ዘመን መሆኑ ደስ ይለኛል።

ስለ መስቀል ወፍም ልናገር። በመስከረም ታይታ የምትጠፋ ይመስለናል። እንዲህ ከምንጠራቸው መካከል ያሉት ወንዶች ወፎች በክረምት ለመራቢያ ጊዜያቸው ደማቅ ላባ ይለብሳሉ፤ ጊዜው ሲያልፍ አውልቀው እንደ ሴቶቹ ግራጫ ይሆናሉ። አይሄዱም፥ ልብስ ይለውጣሉ እንጂ። በጥር ከደጃችን ሣር ውስጥ ስንዴ መሳይ ሆነው አንሥቻቸዋለሁ፤ ፎቶግራፉ በአዳራሹ በስተግራ ነው፥ ማንም ሳያየው ያልፋል።

የሰፈራችን ስም አብነት ነው። ተማሪ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው አብነት ይባላል፤ ምሳሌም አብነት ነው፤ የባላገር ሐኪም የቅጠልና የሥር ቅመማ የሚጽፍበትም እንዲሁ አብነት ነው። ቅኔ አዋቂዎች ይህን ስም ሳይቀኙበት አይተዉትም፤ እኔ ዛሬ እተወዋለሁ፥ የምለምነው ሌላ ነገር አለኝና።

አዲሱ አዳራሽ ሊሠራ የታሰበበት ሥፍራ ላይ አራት ጽድና ሁለት ወይራ ቆመዋል። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት በዛፍ ተከበው ይታያሉ፤ የቀረው የተፈጥሮ ደን አልቆ የቆየው በአብዛኛው በእነርሱ ግቢ ነው። የቈረጠ ሰው ስላጣ አይደለም፤ አባቶች እምቢ ስላሉ ነው። ዳዊትም በ83ኛው መዝሙሩ በመሠዊያው አጠገብ ጎጆ ላገኙ ወፎች የቀና ይመስላል። የሰበካ ጉባኤው የአዳራሹን ንድፍ አሥር ክንድ ወደ ምሥራቅ ቢያሸጋግረው ስድስቱም ዛፎች ይተርፋሉ፤ በገመድ ለክቼዋለሁ፥ ልኩንም ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።

ፎቶግራፎቹ እስከ በዓሉ ሳምንት መጨረሻ በአዳራሹ ይቆያሉ። በተከዜ ስም የተጠራችው አበባ መጣጭ ወፍ ግን ከመካከላቸው የለችም። በቤተ ልሔሙ በስተጀርባ ወዳለው አበባ ትመጣለች፥ እጄም ገና ለእርሷ አልደረሰም። ነገ ከኪዳን በኋላ እጠብቃታለሁ።