ፏፏቴው ሲደርቅ ብድሩ እንዴት ይከፈል?



ከደብረ ሊባኖስ ገዳም አጠገብ፣ የፖርቱጋል ድልድይ በሚባለው ሥር አልፎ ወደ ገደሉ የሚወረወረውን ውኃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ክረምት ሲገባ የደጋው ሜዳ ጎርፍ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሰበሰብና በየቦታው ትንንሽ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል። ከታች ጀማ ወንዝ ይቀበለዋል፤ በጀማም አድርጎ ዓባይ ይገባል። ዝናቡ ሲያቆም ግን ይሳሳል። በበጋ የሚቀረው ጠብታ ነው፤ አንዳንዴም ደረቅ ድንጋይ ብቻ።

እዚያ ቡናና ቆሎ የሚሸጡት አባሎቻችን ገቢም እንደዚሁ ነው። መስከረምና ጥቅምት ፏፏቴውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ይበዛል፤ ከጥር ወዲያ ጀበናው ሳይጣድ የሚውልበት ቀን አለ። እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ግን ብድሩን ለ12 ወር እኩል ከፋፈልነው። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ኑሮውን አላየንም። አንዲት እህታችን የየካቲትን ክፍያ ለመሙላት ያላትን አንድ በግ ሸጠች። እኛም መዝገቡ ላይ “በወቅቱ ተከፍሏል” ብለን ጻፍን። ያንን ገጽ ስናየው ዛሬም እናፍራለን።

ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከፍ ያለ፣ ከጥር እስከ ግንቦት ዝቅ ያለ ክፍያ እንዲወሰን እንጠይቃለን። በደህናው ወር ከሚገባውም ጥቂት ለክፉው ቀን ይቀመጥ። ደጋፊዎቻችንም ሪፖርቱን ስታዩ፣ በበጋ የቀነሰውን ክፍያ እንደ ስንፍና አትቁጠሩብን።

ውሳኔው የጉባኤው ነው።