ወሬ እንቅልፍ ሲነሳ

በደወሌ፣ በአይሻ፣ በሽንሌና በጅግጅጋ የምትገኙ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ የዛሬው ንግግራችን ፖለቲካ ሰውን በሚከፋፍልበት ወቅት ጤናን ስለ መጠበቅ ነው።

እስቲ የ2013 ዓ.ም. ክረምትን አስታውሱ። ሰኔ 14 ቀን አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። የሶማሌ ክልል ሕዝብ ግን እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠበቀ። በመካከሉ፣ በሐምሌ፣ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች በሚወዛገቡባቸው ቀበሌዎች ግጭት ተነሳ። ወጣቶች ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ ዘጉ። ደወሌ የድንበር ጣቢያ ናት። ሐዲድ ሲዘጋ ዕቃ ይቆማል፤ ወሬ ግን አይቆምም።

ወሬው መጀመሪያ የሚጎዳው ማንን ነው? ሰሚውን ነው። ልብ ይመታል። እንቅልፍ ይጠፋል። እህል አልበላ ይላል። በልጅ ላይ መጮህ ይመጣል። ይህ እብደት አይደለም። ሰውነት አደጋ መጣ ሲባል ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። የሚሮጥበት ሲያጣ ያ ዝግጅት ሰውየውን ራሱን ያደክመዋል። ጫት እየቃሙ ሌሊቱን ወሬ መስማት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ጫት ራሱ እንቅልፍ ይነሳልና። ይህን በማለቴ የሚቆጣኝ አይጠፋም፤ ነገሩ ግን እንዲያ ነው።

ዜና በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ከመግሪብ በኋላ ስልኩን አስቀምጡት። በምርጫ ከእናንተ የተለየ ጎረቤት ካለ ሻሂ አብራችሁ ጠጡ፤ ስለ ፍየልና ስለ ዝናብ ተጫወቱ። የኢሳ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሔር ነገር ሲያዩ አይቸኩሉም። ይህን በቃል የሚተላለፍ ሕግ ዩኔስኮ በ2017 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ሰው ሲገደል፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ያዩ አሉ። ከእነዚህ መካከል ዛሬም በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕመም ነው፤ ይታከማል። ፈሪ ነው አትበሉት።

አሁን ደግሞ ማንበብ ጀምራችኋል። በስልክ ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ቶሎ አታስተላልፉት። ማን ጻፈው? መቼ ሆነ? የት ሆነ? ብላችሁ ፈልጉ። መልሱ ከሌለ እዚያው ይቅር።

ደብተራችሁን አውጡ። «ማን»፣ «መቼ»፣ «የት» የሚሉትን ሦስት ቃላት አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ።