በጥቁር ቀለም የተሣለው ሽፍታ

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሽፍታና ስለ አንድ ሠዓሊ ነው። ሽፍታው በመጽሐፍ እንጂ በሥጋ የኖረ አይደለም፤ ሠዓሊው ግን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱም ቻይናውያን ናቸው። የማነሣውም ጥያቄ፦ ሕግ የጣሰን ሰው በክብር መሣል ሽፍትነትን ማወደስ ነውን? የሚል ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሽፍታው ሉ ጂሸን ይባላል። ታሪኩ የሚገኘው «ሽዊሁ ጁዋን» በተባለው ታላቅ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ 108 ሽፍቶች ሊያንግሻን በተባለው በውሃ የተከበበ ተራራ እንዴት እንደ ተሰበሰቡ ይተርካል። የአለቃቸው የሶንግ ጂያንግ ስም በመንግሥት የታሪክ መዝገብም ተጽፎ ይገኛል፤ በ1121 እጁን ሰጥቷል።

ሉ ጂሸን ሳይመነኵስ በፊት ሉ ዳ የተባለ የጦር መኮንን ነበር። አንድ ቀን ከወዳጆቹ ጋር መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ ከጎን ካለው ክፍል ልቅሶ ይሰማል። ቢያስጠራ፣ አንዲት ልጅና ሽማግሌ አባቷ ሆነው ተገኙ። ጀንግ የተባለ ሀብታም ሥጋ ሻጭ 3,000 ዘለላ ሳንቲም እሰጣለሁ ብሎ ውል አጽፎ ልጅቷን ይወስዳታል፤ ገንዘቡን ግን አልከፈለም። ሚስቱ ከቤት ካባረረቻት በኋላ ያልሰጠውን ገንዘብ «መልሺ» ብሎ ያዛት። ልጅቷም በየመጠጥ ቤቱ እየዘፈነች ያልተበደረችውን ዕዳ ትከፍል ነበር።

ሉ ዳ ስንቅ ሰጥቶ አባትና ልጅን ከከተማው አሸሻቸው። ከዚያም ሥጋ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ሦስት ጊዜ በቡጢ ቢመታው ሰውየው ሞተ። አሳቡ ለመቅጣት እንጂ ለመግደል አልነበረም፤ ነገር ግን ነፍስ ጠፍቷል። ስለዚህ ሸሽቶ በውታይ ተራራ መነኰሰ። ምንኵስናውም አልሆነለትም፤ እየሰከረ ገዳሙን ቢያውክ አሰናበቱት። መጨረሻው ሽፍትነት ሆነ።

አሁን ወደ ሠዓሊው እንለፍ። ቼን ሆንግሾው በ1598 ተወልዶ በ1652 ሞተ። በሚንግ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ከእነዚህ ሽፍቶች 40ውን፣ ሉ ጂሸንንም ጭምር፣ ለመጠጥ ጨዋታ በሚሆን ካርታ ላይ ሣላቸው። ሥዕሉ በእንጨት ተቀርጾ በወረቀት ይታተም ነበር። ወዳጁ ጃንግ ዳይ እንደ ጻፈው፣ ሠዓሊው አራት ወር የደከመው ስምንት ነፍስ የሚያስተዳድር ችግረኛ ወዳጁን ለመርዳት ነው። እንግዲህ ሥራው ከመነሻው የቤተ መንግሥት ጌጥ አልነበረም።

በእነዚህ ካርታዎች ላይ ከሰዎቹ በስተጀርባ ተራራ የለም፣ ቤት የለም፣ የጦር ሜዳም የለም። ሽፍታው በነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ቆሟል። የልብሱ መስመር ለስላሳ ሆኖ አይፈስም፤ እንደ ተሰበረ እንጨት ድንገት ይታጠፋል። ተመልካቹ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ነገር ስለሌለ ሰውየውን ለማየት ይገደዳል። በአዋጅ የሚፈለግ ሽፍታ፣ በዚህ ሥዕል የራሱ መልክ ያለው ሰው ይሆናል።

መንግሥት ግን ነገሩን በሌላ ዐይን አየው። በ1642 መጽሐፉ ከነማተሚያ እንጨቱ እንዲቃጠል ታዘዘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1644፣ የሊ ዚቼንግ ዐመፀኞች ቤጂንግ ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሱን ሰቀለ። ዐመፀኞቹን የሰበሰባቸው ልብ ወለድ ሳይሆን ድርቅ፣ ረኃብና ግብር ነበር። መጽሐፍ በማቃጠል ረኃብን ማስታገሥ አይቻልም።

አንዳንዶች «እነዚህ ሽፍቶች ንጹሓን ነበሩን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አልነበሩም። በዚያው መጽሐፍ ሊ ኩይ የተባለው ሽፍታ አንድን ሰው ከእነርሱ ጋር እንዲሆን ለማስገደድ ሲሉ ምንም የማያውቅ ሕፃን ገድሏል። ይህን ደብቆ ሽፍቶችን ማወደስ ውሸት ነው። የሉ ጂሸንም ቡጢ ፍርድ ሊባል አይችልም።

ዳሩ ግን ሥዕሉ ማንንም ነጻ አላወጣም። የከለከለን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ሽፍታ ነው» ብለን መዝገቡን እንዳንዘጋ ነው። ቻይናውያን ሰው ተጨንቆ ያልወደደውን መንገድ ሲይዝ «ተገፍቶ ሊያንግሻን ወጣ» ይላሉ። ገፊውን ሳይጠይቁ ተገፊውን ብቻ መፍረድ ግማሽ ፍርድ ነው። ያች ልጅ ጩኸቷን የሚሰማ ዳኛ አግኝታ ቢሆን ኖሮ ሥጋ ሻጩ ባልሞተ፣ መኮንኑም ባልሸፈተ ነበር።

ከመካከላችን ነገ ዳኛ፣ አስተዳዳሪ ወይም ጸሐፊ የሚሆን አለ። ተከሳሽ በፊቱ ሲቆም፣ ከጎን ካለው ክፍል የሚሰማውን ልቅሶ ጭምር እንዲያዳምጥ አደራ እላለሁ።