ተማሪ ልጆቻችንና የትርፍ ጊዜ ሥራ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት የአንድ ወንድማችን ሐዘን አልፎ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ባለቤታቸው ወደ ኮሚቴያችን መጥተው አንድ ነገር ጠየቁን። «ትልቁ ልጄ ልሥራና ላግዝሽ ይለኛል። እኔ ደግሞ ትምህርቱን እንዳይተው እፈራለሁ። ለተማሪ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ከየት ነው የሚወጣው?» አሉን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ መልስ አልነበረንም። «እንጠይቅልዎታለን» ብለን ሸኘናቸው።

እኛ ስንጠይቅ ልጁ ሥራ ገባ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እሳት ሊያቀጣጥል ሻይ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ትምህርት ቤት፤ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ዕቃ ያጥባል። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል ተባለ፤ ቆየት ብሎም ይቀራል ተባለ፤ በሁለተኛው መንፈቅ ጭራሹን ተወው። የእድሩን ገንዘብ በደንቡ መሠረት አስረክበን ነበር። ነገር ግን የሟች ልጅ ደብተሩን ሲያስቀምጥ ከዳር ሆነን አይተናል። ዛሬ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ዘግይቶም ቢሆን ለእኒያ እናት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

በመጀመሪያ ፈቃድ ስለሚባለው ነገር እንናገር። በአገራችን ሕግ የሥራ ፈቃድ የሚባለው የውጭ አገር ዜጋ እዚህ ተቀጥሮ እንዲሠራ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወሬው የመጣው ባሕር ማዶ ካሉት ዘመዶቻችን ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሥራ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወላጅም አሠሪም ይፈርሙበታል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። በእኛ አገር ለተማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ወረቀቱ የለም ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም፤ ስሕተታችንም እዚህ ላይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች ዕድሜው 14 ነበር፤ ያንን ይዘው «14 ከሞላው ይበቃል» የሚሉ አባሎቻችን ይህን ይወቁት። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራት ክልክል ነው። በመንገድ ትራንስፖርትና በመጋዘን ከባድ ሸክም ማንሳት፣ የድንጋይ ካባ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የፍሳሽ ጉድጓድ ሥራም ለእነርሱ አልተፈቀደም። እንግዲህ መኪና ላይ ኩንታል የሚጭነውን የ16 ዓመት ረዳት ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሌላም አለ። የሥራ ውል በጽሑፍ ሲሆን የሠራተኛው ዕድሜ ይገባበታል። በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥና ሆቴል ያላችሁ አባሎቻችን ይህን ልብ በሉት፤ አንድ የተቃጠለ እጅ ለልጁም ለእናንተም ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር እናያለን። የአገራችን አዋጅ 7 ሰዓት ሲል የትምህርት ቀንን ከዕረፍት ቀን ለይቶ አይደለም። እስቲ እናስላው። ልጁ 5 ሰዓት ቢማርና 7 ሰዓት ቢሠራ 12 ሰዓት ሄደ። ከቀረው 12 ሰዓት ላይ መንገዱን፣ ምግቡን፣ ውኃ መቅዳቱንና እንቅልፉን ስትቀንሱ ለጥናት ምን ይተርፋል? የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን 14 እና 15 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ አይፈቅድም፤ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ግን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል። የእነርሱን ሁሉ እንቅዳ አንልም። ይህን መለየታቸውን ግን ወደነዋል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር በአገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሰምተናል። ምክንያቱ ሥራ ነው ማለታችን አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። በወለጋም በጸጥታ ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች እንዳሉን አንዘነጋም። ነገር ግን በዚህ ላይ የጥናት ሰዓታቸውን እኛው ራሳችን ብንወስድባቸው ምን ይባላል?

ታዲያ ተማሪ አይሥራ ነው የምትሉን? የሚል ይኖራል። አይደለም! ከእኛ መካከል ቡና ለቅሞ፣ አረም አርሞ፣ ጫማ ጠርጎ ደብተር ያልገዛ ስንቱ ነው? ሥራ ልጅን አያሳንስም። ጥያቄው መቼና ስንት ሰዓት ነው። በዓለም ገበያ «ለቀምት» የሚባለው የወለጋ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ይህም ልክ ትምህርቱ በሚጠነክርበት መንፈቅ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቆላው በኩል ማሳ ያላችሁ ለተማሪው ቅዳሜን ስጡት እንጂ ከሰኞ እስከ ዓርብ አትጥሩት። ሐምሌና ነሐሴ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ አረሙም ይበዛል፣ ሱቁም ሰው ይፈልጋል። 15 ዓመት የሞላው ልጅ በክረምት በሕጉ ልክ ሠርቶ ለመስከረም ደብተርና ጫማ ቢገዛ ደስ ይለናል። በዓመቱ ውስጥም የታችኛውን ክፍል ልጆች ማስጠናትና ሱቅ ላይ ጥቂት ሰዓት መቆም ለተማሪ የሚሆን ሥራ ነው።

ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ስንቃቸውን ከቤት ተሸክመው፣ እዚህ አርጆ ክፍል ተከራይተው የሚማሩትንም አንርሳ። ስንቃቸው ሲያልቅ በየቤታችን ገብተው የሚሠሩ ልጃገረዶች አሉ። የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስለዚህ እነርሱን የሚጠብቃቸው የእኛ ኅሊና ነው። «እንደ ልጄ ናት» እንላለን። እንደ ልጃችን ከሆነች ማታ መብራቱ ለእርሷም ይብራላት፤ የፈተና ሰሞን እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ኮሚቴያችን ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የእድራችን አባል የሆነ አሠሪ ተማሪ ሲቀጥር ዕድሜውን ከልደት ምስክር ወረቀቱ ያረጋግጥ። ወረቀቱ የሌላቸው ወላጆች አሁኑኑ ያውጡ።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱም ከ1 ሰዓት በኋላ ተማሪ አናሠራ። ይህ ከሕጉ የጠበቀ ነው፤ የራሳችን ደንብ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱና ክፍያው በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ወላጁ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ። ወላጅ ይፈርምበት፣ ከእድሩ አንድ ሰው ምስክር ይሁንበት። ክፍያው ሳይከፈል ቢቀር ኮሚቴው ሁለቱን ወገን ይጥራ፤ ካልሆነም ጉዳዩ በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይሂድ።

አራተኛ፣ አባል ሲሞት ኮሚቴው ከአርባው በኋላ ሟቹ ቤት ተመልሶ ይሂድና «ልጆቹ ይማራሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሥራ የግድ ከሆነ ለትምህርቱ የሚመች ሥራ ከአባላት መካከል እንፈልግለት።

ይህ ሁሉ ከእድሩ ሣጥን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶች። የቤትን ጉድለት በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ብንጭነው ራቱም አይበቃም፣ ልጁም ይቀራል። ሸክሙን ለሃምሳ ስንከፍለው ግን ይቀላል፤ እድር ያቆምነውም ለዚሁ ነው።

ከትምህርቱ የቀረውን ልጅ በክረምቱ ከእናቱ ጋር አነጋግረነዋል። በመስከረም ሊመለስ ተመዝግቧል። ሥራውም ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ አባላችን ሱቅ ይሆናል። ውሉ ተጽፏል፤ እናቱ ፈርመዋል፣ እኛም ምስክር ሆነናል። እኒያ እናት ጠይቀውን የነበረው ወረቀት ለጊዜው ይኸው ነው።

 ፈጣሪ ልጆቻችንን ያሳድግልን።