የተዘጋ ቧንቧ ባዶ አይደለም

የዛሬው ዝግጅት በቦይለር ክፍል፣ በማቅለሚያ፣ በዘይት ማጣሪያና በቆዳ ፋብሪካ የጥገና ሥራ ላይ ላላችሁ ነው። ቧንቧ ለምን ይዘጋል? ሲዘጋስ ሰው ሳይጎዳ እንዴት ይከፈታል?

ከውኃው እንጀምር። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ የእንፍራንዝ ምንጮች አሉ፤ በጎንደር መንገድ ያለችውን ከተማ ማለቴ አይደለም፣ ወደ ጣና የሚገባውን ወንዝ ነው። ባሕር ዳር የቧንቧ ውኃዋን ለብዙ ዘመን ያገኘችው ከእነዚህ ምንጮች ነው። ውኃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እየሟሟበት ይመጣል። ለጠጪው ይህ ችግር የለውም። ሲሞቅ ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ኖራው ይዘቅጣል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይኸው ነው። ስኳር በሙቅ ውኃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ኖራ ግን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ቧንቧው ቀድሞ የሚጠበው ከሁሉ ይበልጥ በሚሞቅበት ቦታ፣ ማለትም ቦይለሩና ሙቀት መለዋወጫው ላይ ነው።

ሌላው ዝቃጭ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ነው የሚያስቸግረው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ድሩ በሽመና እንዳይበጠስ በስታርች ሙጫ ይነከራል፤ ፓምፑ ለምሳ ቆሞ ሙጫው ቧንቧ ውስጥ ከቀዘቀዘ ይረጋል። የፓልም ዘይትም ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መርጋት ይጀምራል፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ያን ያህል አይሞቅም። የእነዚህ መድኃኒት ቀላል ነው፤ ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ መሸፈን፣ በእንፋሎት ማሞቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ ከመቆሙ በፊት በሙቅ ውኃ ወይም እንደ ፈሳሹ ዓይነት በሚስማማው ነገር ማጠብ። ፈረቃው ሊያልቅ ሲል የሚዘለለው ግን ይኸው እጥበት ነው። ለኖራው ውኃውን አስቀድሞ ማለስለስና ቦይለሩን በየጊዜው ማራገፍ ያስፈልጋል።

ቧንቧ በአንድ ሌሊት አይዘጋም። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ኖራ ቢጋገር፣ በዚያው ግፊት የሚያልፈው ውኃ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያሉትን የግፊት መለኪያዎች በየዕለቱ መዝግቡ። ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ካደገ ቧንቧው እየነገራችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ የምወስድበትም እሱ ላይ ነው። የተዘጋ ቧንቧ ባዶ ቧንቧ አይደለም። ቧንቧውን ከዘጋው ድፍን ጀርባ ግፊት ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። አስሉት፦ ግፊቱ 6 ባር፣ የቧንቧው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያንን ድፍን የሚገፋው ኃይል ወደ 480 ኪሎ ይደርሳል። አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ድፍኑ በድንገት ሲለቅ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ጉዳቱ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

በዚህ ላይ የግፊት መለኪያው ሊዋሽ ይችላል። ወደ መለኪያው የሚወስደው ቀጭን ቧንቧም በዚያው ዝቃጭ ስለሚደፈን መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ውስጡ የተወጠረ ሊሆን ይችላል። ማራገፊያ ቫልቩ ተከፍቶ ምንም ካልወጣ ደግሞ ብዙ ሰው «ባዶ ነው» ይላል። እኔ ግን «ማራገፊያውም ተዘግቷል» ብዬ ነው የምጀምረው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ፓምፑን አቁሙና የኤሌክትሪክ መስመሩን ቁረጡ፤ ማብሪያውን በጓጉንቸር ቆልፉት፤ ቁልፉም የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ከድፍኑ በላይም በታችም ያሉትን ቫልቮች ዝጉ። አንድ ቫልቭ ብቻውን አይታመንም፤ መቀመጫው ላይ ኖራ ካለ የተዘጋ መስሎ ያሳልፋል። ፍላንጁን ስትፈቱ መጀመሪያ የሚላላው ከእናንተ በተቃራኒ በኩል ያለው ቡሎን ነው። ጨርሳችሁ ሳታወጡት ጥቂት አላሉትና ጠብቁ፤ የሚፈስ ነገር ካለ በዚያ በኩል ይውጣ። ማንም ሰው በቧንቧው አፍ ትይዩ አይቁም።

«ንፋስ ስጡት!» የሚባለውን ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ድፍኑንም እስኪወጣ ድረስ እየገፋ ያፈጥነዋል። ውኃ ግን ቀዳዳ እንዳገኘ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። የረጋ ዘይት ወይም ሙጫ በሙቀት የሚለቀቅ ከሆነም ማሞቅ ከክፍቱ ጫፍ ይጀመር። መሐሉን ካሞቃችሁ ቀልጦ የሚሰፋው መውጫ ያጣል፤ ቧንቧውም ሊፈነዳ ይችላል።

በኬሚካል ማሟሟት ይቻላል፤ ግን ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አንድ ኪሎ ኖራ ድንጋይ በአሲድ ሲሟሟ ከ240 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ አሲዱን ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ከዘጋችሁ ራሳችሁ ግፊት ሠራችሁ ማለት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳው ላይ አይፈስስም፤ አልሙኒየም ካገኘም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ያወጣል። በቆዳ ፋብሪካ በኩል ላላችሁ ደግሞ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ፀጉር ማርገፊያው ሰልፋይድ ባለበት መውረጃ ውስጥ አሲድ አትጨምሩ። የሚወጣው ጋዝ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ባልደረባን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መግባት ሁለተኛ አስከሬን ያስከትላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ ቁሳቁስ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል። መነጽር፣ የፊት መሸፈኛና ጓንት በመጋዘን ተቆልፎ ከተቀመጠ ሥራው አይጀመር።

ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ የወጣውን ድፍን ሁሉ ወደ ቆሻሻ አትጣሉት። ቁራጭ አስቀሩና መርምሩት። አሲድ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ስትሉበት ከፈላ ኖራ ነው፤ ወደ ውኃ ማለስለሻው ተመለሱ፣ ጨው አልቆበት ሊሆን ይችላል። በሙቅ ውኃ ከቀለጠና ከተንሳፈፈ ስብ ነው፤ ማሞቂያውን ፈትሹ። ቃጫና ክር ከሆነ ወንፊቱ ተቀዷል። ቁራጩን በላስቲክ አድርጉና ቀኑንና የተገኘበትን መስመር ጻፉበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያ መስመር ሲጠብ ተረኛው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።